ስቱኮ እሳት አያቆምም

መኪና ልታሳዩኝ ከጠራችሁኝ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኮፈኑን ክፈቱት።

ይሄን ስል የብዙ ሰው ፊት ይቀየራል። ባለፈው ገንደ ውሃ ላይ አንድ ወዳጄ አዲስ ያስጌጣትን ላንድ ክሩዘር ፒካፕ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ከውጭ ስትታይ ሙሽራ ናት። ጣሪያዋ ላይ የተደረደረ የኤልኢዲ መብራት፣ ካሶኒዋ ዙሪያ የተበየደ ቧንቧ፣ ጥቁር የተቀባ ቸርኬ፣ ዳሽቦርዷ ላይ ጠጉራም ምንጣፍ፣ ከኋላ ደግሞ ጥቅስ። ሙዚቃው ሲከፈት ከመንገዱ ማዶ ያለው ሻይ ቤት ብርጭቆዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። «እንዴት ናት?» አለኝ። «ኮፈኑን ክፈተው» አልኩት። ሳቀ። «ኧረ ተወው፣ ምን ያደርግልሃል? አቧራ ነው» አለ።

ለምኜ አስከፈትኩት። አቧራ ብቻ አልነበረም። ከባትሪው ላይ የተነሱ አምስት ስድስት ሽቦዎች፣ ቀለማቸው ለየቅል፣ ፊውዝ የሌላቸው፣ በናስትሮ የተጠቀለሉ፣ ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ላሜራ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ይገባሉ። የቀዳዳዎቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስል ነው። አንዱ ቀዳዳ በፌስታል ተወትፏል። ትልቁ ምንም የለበትም። ጎንበስ ብዬ በሱ ባይ የፍሬኑ ፔዳል ታየኝ። በሞተሩ በኩል ቆሜ የሾፌሩ እግር የሚያርፍበትን ቦታ እያየሁ ነው ማለት ነው።

ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ ላሜራ ነው። ክርክሬም ረጅም አይደለም። እኛ ቆላ ላይ መኪና የምናስጌጥበት ቅደም ተከተል ተገልብጧል። የመጀመሪያው ብር መውጣት ያለበት ለመብራት አይደለም፣ ለድምፅ ማጉያ አይደለም፣ ለቸርኬም አይደለም። ለዚያ ግድግዳ ነው። ይጽዳ፣ የማያስፈልገው ቀዳዳ ይደፈን፣ የቀረው በሥርዓት ይታሸግ፣ ሽቦው እንደ አዲስ ይዘርጋ። ሲደፈን ደግሞ በብረት እንጂ በስቱኮ አይደለም።

ስም የሌለው ግድግዳ

«ፋየርዎል» ስላችሁ አብዛኞቻችሁ ትዝ የሚላችሁ ኮምፒውተር ነው። ኢንተርኔት ሲዘጋጋ ቪፒኤን የምንፈልግለት ዓይነት ነገር። ቃሉ ግን ኮምፒውተር ጋ የመጣው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ የሕንፃ ነበር፤ እሳት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እንዳይሻገር በመሃል የሚቆም ግንብ። ከዚያ ወደ መኪናና ወደ አውሮፕላን ገባ፤ ሞተሩን ከሰው የሚለየው ብረት ሆነ። ኮምፒውተሮቹ ስሙን የተዋሱት ከነዚህ ነው።

የእኛ ጋራዥ ቋንቋ ሀብታም ነው። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ቃል አላምደን የራሳችን አድርገነዋል። ኮፈን፣ ላሜራ፣ ካሶኒ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ቺንጋ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ። ለእያንዳንዷ ብሎን ስም አለን። ይሄን ግድግዳ ግን ሦስት መካኒኮችን ብጠይቅ ሦስት መልስ ነው ያገኘሁት። አንዱ «የጋቢናው ግድግዳ» አለኝ፣ አንዱ «እሱ ላሜራው» አለኝ፣ ሦስተኛው «ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ስም የሌለውን ነገር ማን ዋጋ ይጠይቅለታል? ማንስ «እሱን ሥራልኝ» ብሎ ያዛል? እዚህ ጽሑፍ ላይ የእሳት ግድግዳ እለዋለሁ። የተሻለ ስም ያለው ያምጣ።

ግድግዳው ብዙ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። አንድ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ላሜራ ነው። የመሪው ዘንግ በሱ ያልፋል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሎች የሚገፉት ነገር በሱ ያልፋል። ዋናው የሽቦ እቅፍ፣ የነዳጁ መርገጫ ካቦ፣ የማሞቂያው ቱቦ በሱ ያልፋሉ። ፋብሪካው እያንዳንዱን ቀዳዳ በላስቲክ ቀለበት ይዘጋዋል። ቀለበቱ ሁለት ሥራ አለው፦ ሽቦው በብረቱ ጠርዝ እንዳይላጭ ይጠብቃል፤ ሙቀት፣ ጭስና እሳት ደግሞ ወደ ሰው እንዳይገባ ይከለክላል። ከዚያ መኪናው እኛ እጅ ይገባል። በሃያ ዓመት ውስጥ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይወድቃል። እኛ ደግሞ በየጊዜው አዲስ ቀዳዳ እንበሳበታለን፤ ለሬዲዮ፣ ለመብራት፣ ለማንቂያ፣ ለቻርጀር። የቆየውን ማንም አይዘጋውም።

አይሱዙ ኤፍኤስአርና ኤንፒአር የምትነዱ «እኛን አይመለከትም» እንዳትሉ። የእናንተ ሞተር ከፊት ሳይሆን ከመቀመጫችሁ ሥር ነው። ጋቢናው ሲገለበጥ የምታዩት ወለል ለእናንተ የእሳት ግድግዳ ማለት እሱ ነው። እንዲያውም የእናንተ ይብሳል፤ እሳቱ ከእግራችሁ ፊት ሳይሆን ከሥራችሁ ነው።

አጎቴና ዘጠኝ ኩንታል ሰሊጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር፣ ሰሊጥ በሚወቃበት ሰሞን፣ አጎቴ ከኮኪት ወዲያ ካለ እርሻ ዘጠኝ ኩንታል ሰሊጥ ጭኖ ወደ ገንደ ውሃ ይመለስ ነበር። ጋቢና ረዳቱ አብሮት አለ። ካሶኒው ላይ፣ ከጆንያው አናት፣ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሁለት ሳሉጎች ተቀምጠዋል።

አጎቴ የሚቃጠል ነገር ሸተተው። ግን ወሩ ኅዳር ነው፤ ቆላ ላይ በኅዳር የማይቃጠል ነገር የለም። ገለባ ይቃጠላል፣ ሣር ይቃጠላል። መስኮቱን ዘጋና ቀጠለ። ሽታው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ መሆኑን ያወቀው ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ሲወጣ ነው። መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ እስኪያቆም ድረስ እሳቱ በሽቦው ቀዳዳ ገብቶ ቀኝ እግሩ ላይ ደርሶ ነበር። ረዳቱ ጎትቶ አወጣው። ሳሉጎቹ ዘለው ወረዱ። እሳት ማጥፊያ አልነበረም። አንድ ጀሪካን ውሃ ነበር፣ እሱም የሚጠጣ።

ሰሊጥ ግማሹ ዘይት ነው። ዘጠኙ ኩንታል እንዴት እንደነደደ መንገር አያስፈልገኝም።

ሰው አልሞተም። አጎቴ ዛሬም ይነዳል፣ ግን ቀኝ እግሩን ሲበርደው ያመዋል። ጎንደር በወጣ ቁጥር «ደጋ እግሬን አይወደውም» ይላል። በዓመቱ የሠራው ገንዘብ ግን መንገድ ዳር ቀረ።

መኪናዋ ከሁለት ሳምንት በፊት ጋራዥ ገብታ ነበር። አራት መብራትና ድምፅ ማጉያ ተገጥሞላታል። ሽቦው በተበሳ ቀዳዳ እንዲሁ ገባ፤ ላስቲክ የለው፣ ፊውዝ የለው። በየጉድጓዱ መኪናዋ ስትነጥር ሽፋኑ በላሜራው ጠርዝ ተላጠ። የቀረውን ባትሪው ሠራው። ቤተሰቡ ሁሉ መካኒኩን ረገመ። እኔም ረግሜዋለሁ። አጎቴ ግን አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን እንዲህ አለኝ፦ «ልጁ ጠይቆኝ ነበር። ‹ጋሼ፣ ሽቦውን በቧንቧ ላሳልፈው? ቀዳዳውንም ላስቲክ ላድርግለት? ነገ ጠዋት ይደርስልዎታል› አለኝ። ‹ተወው፣ ቸኩያለሁ፣ መብራቱ ከበራ ይበቃል› ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ መካኒክ መርገም አቆምኩ። ልማዱን እረግማለሁ።

ለምን እዚህ?

«ይሄ ነገር የትም አለ» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ግን መተማ የትም አይደለም።

መጀመሪያ ሙቀቱ። መተማ ዮሐንስ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከየካቲት እስከ ግንቦት ጥላ ሥር ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑ ለእኛ ዜና አይደለም። ኮፈን ሥር ስንት እንደሚሆን አስቡት። ብዙ ጊዜ ለመብራት የሚገጠመው ሽቦ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የተገዛ የቤት ሽቦ ነው። የተለመደው የቤት ሽቦ ሽፋን የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ እንዲችል ነው፤ ግድግዳ ውስጥ በጸጥታ እንዲቀመጥ እንጂ ከጭስ ማውጫ አጠገብ እየተንቀጠቀጠ እንዲኖር አይደለም። ናስትሮውም በሙቀት ሙጫው ቀልጦ ይፈታል፤ ስትነኩት እጃችሁ ላይ ይጣበቃል።

ሁለተኛ መንገዱ። ጭነት የሚሄደው ሽቅብ ነው። ሰሊጡም ጥጡም ከቆላ ተነስቶ በነጋዴ ባሕርና በአይከል አድርጎ ከ2,100 ሜትር በላይ ወዳለችው ጎንደር ይወጣል። መኪናው ጭነቱ በከበደ ሰዓት ነው 1,400 ሜትር የሚወጣው። ሞተሩ አብዝቶ የሚሞቀውም ያኔ ነው።

ሦስተኛ ሣሩ። ከታኅሣሥ በኋላ የቆላ ሣር ክብሪት ነው። በእርሻ መንገድ ስትገቡ ሣሩ፣ የሰሊጡ ገለባና የጥጡ ብናኝ ከሥር ገብቶ ጭስ ማውጫው ዙሪያ ይከማቻል። ዘይት በተለጠፈበት ሞተር ላይ ሲያርፍ ደግሞ የጧፍ ክር ማለት ነው።

አራተኛ ጭሱ። ይሄን ሰው አይሰማም። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ማርሚታው ወይም ጓርኒሲዮኑ የሚያስተነፍስ ከሆነ በግድግዳው ቀዳዳ ይገባል። ራስ ያማል፣ ያደነዝዛል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ደጋ ላይ ያለ ሾፌር ራሱን ሲያመው ይጠራጠር ይሆናል። የእኛ ሾፌር ግን «ሙቀቱ ነው» ይላል፤ ወይም «ወባዬ ተነሳች» ብሎ ክኒን ይውጣል። ተደናግዞ ከመንገድ የወጣን ሾፌር «እንቅልፍ ጣለው» ብለን እንቀብረዋለን። ምን እንዳስተኛው ማን ጠየቀ?

አምስተኛ ብቸኝነቱ። ከመተማ ዮሐንስ አዘዞ ድረስ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ የእርሻው መንገድ ደግሞ ከዚያም ወዲያ። እሳት ቢነሳ ደውላችሁ የምታስመጡት ሰው የለም። ያላችሁ ላሜራው ብቻ ነው። ላሜራው የሚሰጣችሁ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቀበቶ ለመፍታት፣ በር ለመክፈት፣ ከላይ ያሉትን «ውረዱ!» ለማለት የሚበቃ ደቂቃ። ቀዳዳ ከሆነ እሷንም አይሰጥም።

«የሥራ መኪና ናት»

አሁን ወደ ተከራካሪዎቼ ልምጣ። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም።

የመጀመሪያዎቹ «የሥራ መኪና ናት፣ ነገ መልሳ ትቆሽሻለች፣ ሞተር ማጽዳት የሀብታም ጨዋታ ነው» ይላሉ። ይሄን የሚሉት ብዙዎቹ በመኪና የሚተዳደሩ ሰዎች ስለሆኑ በንቀት አልመልስላቸውም። ግን ተሳስተዋል።

ቆሻሻ ሞተር አይናገርም። ዘይት ከየት እንደሚያፈስ፣ ናፍጣ በየትኛው ቱቦ እንደሚያንጠባጥብ፣ የራዲያተር ውሃ በየት እንደሚሄድ አይታይም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። መካኒኩ ችግሩን ከመፈለጉ በፊት አንድ ሰዓት ይፍቃል፣ ያንን ሰዓት የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ንጹሕና ፈካ ያለ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ግን አንዲት የናፍጣ ጠብታ ከሩቅ ትታያለች። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይቀጣጠልም፣ ልክ ነው። ግን ብዙ መቶ ዲግሪ በሚሞቅ ጭስ ማውጫ ላይ ሲንጠባጠብ ልዩነቱ የጊዜ ብቻ ነው። ጽዳት ማለት ውበት አይደለም፣ ምርመራ ነው።

ደግሞስ እናጥባለን እኮ! መቼ ነው የምናጥበው? ለቦሎ። የዓመቱ ምርመራ ሲደርስ ላቫጆ እንወስደዋለን፣ የጋለ ሞተር ላይ ውሃ በኃይል እናስረጫለን፣ ውሃው ያለ ላስቲክ በቀረው ቀዳዳ ጋቢና ይገባል፣ የሽቦ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባል፣ ዝገት ይጀምራል። ወይም ወንዝ ዳር ወስደን በናፍጣ እንፈትገዋለን፤ ያ ናፍጣ ደግሞ ከብት የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ይወርዳል። ለአንድ ቀን ፈተና የታጠበ ሞተር እንደ ኩረጃ ነው፤ ወረቀቱን ታልፋላችሁ፣ ትምህርቱን አታውቁትም።

«ይብረቅረቅ»

ሁለተኛዎቹ ተከራካሪዎቼ ወጣቶች ናቸው፣ እናንተ ናችሁ። ዩቲዩብ ላይ አሜሪካኖቹ የድሮ ፒካፕ አምጥተው ግድግዳውን እንደ መስታወት ሲያለሰልሱት ታያላችሁ። ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍኑታል፣ ሽቦውን ሁሉ ይሰውሩታል፣ ሞተሩ ብቻውን እንደ ሐውልት ይቆማል። ያምራል፤ አልክድም። ሳየው እኔንም ያቁነጠንጠኛል።

ግን ያ መኪና ምን ይሠራል? ብዙ ጊዜ በተጎታች ተጭኖ ኤግዚቢሽን ይሄዳል፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ይቆማል፣ ሽልማት ይወስዳል፣ ይመለሳል። የእኛ ሳሉግ ይጭናል። ከነሱ የምንወስደው ውበቱን ሳይሆን ሥራውን ነው፤ ከብርቅርቁ በታች ያለውን ብየዳ። እኛ ጋ ሲመጣ ግን የተገለበጠው ይመጣል፦ ብየዳው ይቀርና ብርቅርቁ ይመጣል። ቀዳዳው በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ቀለም ይረጫል፣ ፎቶ ይነሳል።

ስቱኮ ብረት አይደለም። የብረትን ጉድፍ ለመሙላት የተሠራ ሙጫ ነው። ባዶ ቀዳዳ ላይ ሲለጠፍ የሚይዘው ነገር የለም። ሙቀትና መንገጫገጭ ያሰነጥቁታል፤ እሳት ሲያገኘው ደግሞ ራሱ ይቃጠላል። በስቱኮ የተደፈነ ግድግዳ ከተበሳው ይብሳል፤ የተበሳው ቢያንስ አይዋሽም።

ታዲያ እንዴት ይሠራ? ጥሩ ባትላሜራ የሚሠራውን ልንገራችሁ፣ ጋራዥ ስትሄዱ እንዳትታለሉ።

መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱ ሽቦና ቱቦ በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ ስም ተጽፎ ይታሰርበታል። ከዚያ ሊወጣ የሚችለው ሁሉ ይወጣል፤ ከጋቢናው በኩል ያለው ምንጣፍና ስፖንጅም ጭምር፣ ምክንያቱም ብየዳ ከጀርባው ያለውን ያቃጥላል። ለጽዳቱ የሞቀ ውሃ፣ ኦሞና መፋቂያ ይበቃሉ፤ ናፍጣ አያስፈልግም። ላሜራው ጥሬ ብረት እስኪሆን ይፋቃል።

ቀጥሎ ቀዳዳዎቹ ይቆጠራሉ። የቱ ሥራ አለው? የቱ የሞተ ነው? ለሞተው፣ ከግድግዳው እኩል ውፍረት ካለው ላሜራ በልኩ ይቆረጥለታል፣ በነጠብጣብ ይበየዳል። እዚህ ላይ ነው ሙያው። ቸኩሎ አንዱን ጠርዝ ባንድ ጊዜ የሚበይድ ሰው ላሜራውን ያጣምመዋል። የሚያውቅ ሰው አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ ማዶ፣ እያቀዘቀዘ ይዞረዋል። ጋላቫናይዝድ ከሆነ ዚንኩ መጀመሪያ ይፋቃል፤ ጭሱ መርዝ ነውና ልጆቹን ከዚያ አርቁ። ከዚያ በግራይንደር ይስተካከላል። ስቱኮ አሁን፣ ካስፈለገ፣ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይገባል። የዝገት መከላከያ፣ ከዚያ ቀለም፤ ፈካ ያለ ቀለም።

በመጨረሻ ሽቦው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። 100 ዋት መብራት በ12 ቮልት ከ8 አምፒር በላይ ይስባል። ሁለቱ ወደ 17 ይጠጋሉ። ያንን የማይችል ቀጭን ሽቦ ምድጃ ይሆናል። ስለዚህ ልኩን የጠበቀ የመኪና ሽቦ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ ለትልልቁ መብራት ሪሌ። ሁሉም ባንድ ቧንቧ ታቅፎ፣ ከናፍጣ መስመርና ከጭስ ማውጫ ርቆ፣ ባንድ ቀዳዳ፣ በአዲስ ላስቲክ ቀለበት ይገባል። ይሄ ሲያልቅ ግድግዳው ለስላሳ ይሆናል። የለሰለሰው ግን ስለተሸፈነ አይደለም፤ ትርፍ ነገር ስለሌለበት ነው።

ሻግ

እዚህ ጋ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረውን ልናገር። «እዚህ አገር እንዲህ ያለ ረቂቅ የላሜራ ሥራ የሚችል ሰው የለም» የሚሉኝ አሉ። ውሸት ነው። አለ። ሻግ የሚሠራው ማን ሆነና?

ሻግ ምን እንደሆነ የማያውቅ የድንበር ልጅ የለም። መኪና ውስጥ የተሰወረ ኪስ፤ ከወለሉ ሥር፣ ከሰልባትዮው ጎን፣ ከመቀመጫው ጀርባ። በዜና «በተሽከርካሪ ሻግ ተደብቆ ሲጓጓዝ ተያዘ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ጥይት፣ መሣሪያ፣ ኮንትሮባንድ። የተያዘው ዕቃ ይቆጠራል፤ ስለ ብየዳው ግን ማንም አያወራም። ልክ የፋብሪካ እንዲመስል የተቆረጠ ላሜራ፣ ያልተጣመመ፣ ቀለሙ ከአሮጌው ጋር የተመሳሰለ። ያ እጅ የእሳት ግድግዳ መሥራት ያቅተዋል?

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ምርጡ ሙያችን ዕቃ ለመደበቅ ይከፈለዋል፤ ሰው ለመከለል ግን የሚከፍለው የለም። ሙያተኛውን ብቻ አልወቅስም፤ ገበያው ነው የጠራው። «ኮፈኑ ሥር አጽዳልኝ፣ ቀዳዳውን በየድልኝ፣ ስንት ነው?» ብሎ ብር የሚያወጣ ደንበኛ ቢኖር ያ ልጅ ሌሊት ተደብቆ የሚሠራው ሥራ አይኖርም ነበር፤ ቢያንስ ምርጫ ይኖረው ነበር።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ማስጠንቀቂያ። በብዙ ቶዮታዎች የመኪናው መለያ ሰሌዳ የሚገኘው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። «ላለስልሰው» ብላችሁ ሰሌዳውን ነቅላችሁ እንዳትጥሉ፤ ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥርም በግራይንደር እንዳትነኩ፣ በወፍራም ቀለም እንዳትሸፍኑ። ከሊብሬው ጋር የሚመሳከረው እሱ ነው። ኬላ ላይ ቁጥሩ የጠፋ፣ አዲስ የተበየደ፣ የሚያብረቀርቅ ላሜራ ያየ ፈታሽ «ፋሽን ነው» ብትሉት አይሰማችሁም። ሥራው ሲሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነሳችሁትን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አቆዩት። ፎቶ ለማሳያ ብቻ አይደለም።

ይሄ ሞተር አብሮን ይኖራል

«አዲስ ስገዛ አስተካክላለሁ» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ወንድሜ፣ የቱን አዲስ?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን በብዙ እጥፍ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ እንደማይገቡ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ብቻ እንደሚፈቀዱ አስታወቀ። ውሳኔው ልክ ነው አይደለም፣ ሌላ ክርክር ነው። ለእኛ ትርጉሙ ግን ግልጽ ነው፦ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ባለ 70 ሲሪየሱ ላንድ ክሩዘር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ፣ 4.2 ሊትሩ፣ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተሩ በአግባቡ ከተያዘ እናንተን ቀብሮ ልጃችሁን ያገለግላል። አባቶቻችን እኮ ጣሊያን የተወውን «ትሬንታ ኳትሮ» ፊያት ስንት አሥር ዓመት አንቀሳቅሰውታል። አሮጌ ማቆየት እናውቃለን። የማናውቀው አሮጌን ንጹሕ አድርጎ ማቆየት ነው። ሞተሩ አያልቅም፤ ግድግዳው ግን በመሰርሰሪያ እያለቀ ነው።

ማዶም ተመልከቱ። የሱዳን ሎሪዎችን የሚያውቅ ያውቃል፤ ባለ ኮፈን ቤድፎርድ፣ ካሶኒው በእጅ የተሠራ፣ ቀለሙና ጌጡ ዓይን የሚይዝ። ማጌጥ ነውር ሆኖ አያውቅም፣ በድንበሩ በዚህም በዚያም። እኔም ጌጥ ጠላት አይደለሁም። ጥቅሱም ይጻፍ፣ መብራቱም ይሰቀል። ግን ቤት ሠርቶ ጣሪያ ሳያለብስ መጋረጃ የሚገዛ ሰው ምን ትሉታላችሁ?

ጋራዦች፣ እናንተም ስሙ። ይሄን ሥራ ስም ስጡት፣ ዋጋ ስጡት፣ ግድግዳችሁ ላይ ጻፉት። «መብራት ማስገጠም ይሄን ያህል፣ ቀዳዳ በላስቲክና ሽቦ በቧንቧ ይሄን ያህል» ብላችሁ ባንድ ላይ ተናገሩ እንጂ ደንበኛው እንዲመርጥ አትተዉለት። ቸኩያለሁ ይላችኋል፤ አጎቴም ቸኩሎ ነበር።

ባለ መኪኖች ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ብር አያስወጣም። ሲጨልም የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ሞተሩ ላይ አስቀምጡት፣ ወደ ጋቢናው አዙሩት፣ ኮፈኑን በቀስታ ዝጉት። ከዚያ ጋቢና ገብታችሁ በሩን ዝጉ፤ መብራት አጥፉ፤ ጎንበስ ብላችሁ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ፔዳሎቹ ጋ ተመልከቱ። ብርሃን የሚታያችሁን ቦታ ሁሉ ቁጠሩ። ብርሃን ያለፈበት ጭስም እሳትም ያልፍበታል።

ያ ገንደ ውሃ ላይ ያለው ወዳጄ ሞክሮት ማታውኑ ደወለልኝ። አሥራ አንድ ቆጥሯል። «መብራቶቹን ፈትቼ ልሽጣቸውና በነሱ ላሠራው እንዴ?» አለኝ።

«አትሽጣቸው» አልኩት። «ይቆዩህ። ግን መጀመሪያ ግድግዳውን።»